ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው ሐዲድ

ክፍሏ ሁለት ሜትር ከአሥር በአንድ ሜትር ከስልሳ ናት። ሀብተየስ ኃይለጊዮርጊስ ይህን ለማወቅ ሜትር አላስፈለገውም። ሠላሳ አንድ ዓመት መንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ንድፍ ሲነድፍ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የሟቹ ፎቶ ላይ ሳይሆን የግድግዳው መጋጠሚያ ላይ ነው። ቢሆንም ለካ። ደግሞ ለካ። በመጨረሻ ባለቤቱን እናትአለምን ጠርቶ የሜትሩን ጫፍ አስያዛትና ለሦስተኛ ጊዜ ለካ።

«መቶ ጊዜ ብትለካው አንድ ጣት አይጨምርልህም» አለችው።

አልጨመረም። ክፍሏ ጅጅጋ ውስጥ እናትአለም ከምትነግድበት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጀርባ ያለች የወረቀት ማስቀመጫ ነበረች። ሀብተየስ ወረቀቱን አስወጥቶ አንድ የባቡር ጣቢያ ሊያስገባባት ነው። ባቡሩ ከእውነተኛው መቶ ስልሳ ጊዜ ያነሰ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ ሞተሩ ሁለት የክብሪት ቀፎ ጫፍ ለጫፍ ቢገጠም ያህላል። «መጫወቻ» ያለ ሰው ግን ወዮለት። የእናትአለም ወንድም አንድ ቀን አፉ አምልጦት እንዲያ ብሎ ሁለት ሳምንት ሰላምታ ተነፍጎ ከርሟል።

ጣቢያዋ በድሮው የባቡር መስመር ላይ፣ ከኤረር ወዲያ የነበረች ናት። የረባ ስም እንኳ አልነበራትም። ሦስት መቶ ዘጠናኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስለወደቀች ሠራተኞቹ «ዘጠና» ይሏት ነበር። አንድ የጣቢያ ሹም ቢሮ፣ አንድ መጋዘን፣ አንድ የውኃ ታንከር፣ አንድ ትልቅ ግራር፣ ከግራሩ ሥር የመቀየሪያ ጠባቂው ጎጆ። ሀብተየስ የተወለደው እዚያች ጎጆ ውስጥ ነው። አባቱ ኃይለጊዮርጊስ የሐዲድ መቀየሪያ ጠባቂ ነበር። ባቡር ሲመጣ የብረቱን ክንድ ገፍቶ ወደ አንደኛው ወይም ወደ ሁለተኛው ሐዲድ ይመራዋል፤ ሲያልፍ ይመልስና በቁልፍ ይቆልፈዋል። ዛሬ በዚያ መስመር የሚያልፍ ባቡር የለም።

ዘጠናን በጠረጴዛ ላይ የማቆሙን ሐሳብ ሀብተየስ ብቻውን አልጸነሰውም። ኤፍሬም ነበረበት። ኤፍሬም የዘጠና የጣቢያ ሹም የነበሩት የአቶ ቀለመወርቅ ልጅ ነው። ከሀብተየስ አንድ ዓመት ይበልጠዋል፤ አንድ ግራር ሥር አድገዋል፤ አሁን ጅጅጋ ላይ ቴሌቪዥንና ራዲዮ ይሸጣል። የሀብተየስን ልጅ ኤልያብን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። ሁለቱ አበልጆች ሳይገናኙ የዋሉበት ቀን ቢኖር አንደኛቸው ታሞ ወይም ኤፍሬም ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ ነው።

በሐምሌ 2010 መጨረሻ ከተማዋ ታውካ ከሌላ ክልል የመጣ ሰው በሚታደንበት ጊዜ ኤፍሬም በጓሮ አጥር ዘሎ መጣ። ሦስት ቀን እሱና ሀብተየስ እናትአለምም ጭምር በዚህችው ክፍል ውስጥ በወረቀት እሽግ መካከል ተቀምጠው ሰነበቱ። የሱቁን በር የጠበቀችላቸው ወተት ሻጯ ደሃቦ ናት። ሰፈሩ ሁሉ «ኤዶ ደሃቦ» ይላታል፣ አክስት እንደማለት። በርጩማዋን በሩ ላይ አስቀምጣ፣ የወተት ጀሪካኗን ከፊቷ ደርድራ፣ ለመጣው ሁሉ «ይሄ ቤት የእኔ ነው» እያለች መለሰችላቸው። ሰው ሲፈራ ሲፈራ ይሰለቸዋል መሰል፣ በሁለተኛው ቀን ሀብተየስ ከእሽጉ ጠመኔ አውጥቶ ወለሉ ላይ ዘጠናን መሣል ጀመረ። ሁለቱን ሐዲዶች አሰመረ፤ መጋዘኑን አቆመ፤ ከመጋዘኑ ጀርባ አንድ ሦስተኛ መስመር ሳበ።

ኤፍሬም ጎንበስ አለና ሦስተኛውን መስመር በመዳፉ ጠረገው። «ይሄ የኤረር ነው። ዘጠና ሁለት ብቻ ነበራት» አለ።

ሀብተየስ አልተከራከረም። ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ የተማረው ድሬዳዋ አክስቱ ዘንድ ነው፤ ወደ ዘጠና የሚመለሰው ለእረፍት ብቻ ነበር። ኤፍሬም ግን እዚያው አድጎ እዚያው መጋዘን ውስጥ ሥራ የያዘ ሰው ነው። አምታትቼው ይሆናል ብሎ ተወው። እንኳን ያን ጊዜ፣ ዕድሜውን ሙሉ ስለ ዘጠና ኤፍሬም ያለውን ተቀብሎ ነው የኖረው።

የተቀበለውም ሐዲድ ብቻ አልነበረም። በ1976 አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ዘጠና ላይ የዕቃ ባቡር ወደቀ። አንድ ፍሬን ያዥ ሞተ። ሀብተየስ ያን ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ የንድፍ ትምህርት የሚማር የሃያ አንድ ዓመት ጎረምሳ ነበር። ወሬውን እንደሰማ ሊመጣ ቢነሣም መንገዱም ሁኔታውም አልመች ብሎት የደረሰው ከሁለት ወር በኋላ ነው። የወደቀው ተነሥቷል፤ መሬቱ ተስተካክሏል፤ አባቱ እስር ቤት ነው። ኤፍሬም ግራሩ ሥር ወስዶ አስቀመጠውና ትከሻውን ይዞ ነገረው። «ወንድሜ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ። ጋሽ ኃይሌ ጠጥቶ ነበር። መቀየሪያው ክፍት እንደሆነ፣ ክንዱ ሥር ተኝቶ በዓይኔ አየሁት። ባቡሩ የወደቀው እዚሁ፣ ደጃፉ ላይ ነው።» እያለቀሰ ነበር የነገረው። ሀብተየስም አብሮት አለቀሰ።

አባትየው ማንበብ አይችልም። አቶ ቀለመወርቅ የጻፉትን ሪፖርት በአውራ ጣቱ ፈርሞ አራት ዓመት ታሰረ። ሲፈታ ልጁ ዘንድ ገባ፤ ልጁ ሥራ አግኝቶ ጅጅጋ ሲመጣም ተከትሎት መጣ። ጥሩ ሽማግሌ ነበር፤ መጠጥ የሚባል በአፉ ሲዞር ማንም አላየም። ሀብተየስ ግን ይህንን «ተጸጽቶ ነው» ብሎ ተረጎመው። ሽማግሌው በነዚያ ዓመታት ስለዚያ ጎህ ያወራው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ቀን «ቁልፉ እኔ ጋ አልነበረም» አለ። ሌላ ቀን ደግሞ እራት ላይ «ከመጋዘኑ ጀርባ እኮ…» ብሎ ሲጀምር ሀብተየስ «አባባ፣ ይብቃ፤ እንብላበት» ብሎ አቋረጠው። በ1988 ሊሞት ሲል ልጁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጁን ይዞ «ይቅር ብዬሃለሁ፣ አባባ» አለው። ሽማግሌው ትንሽ አየውና «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሀብተየስ በሕይወቱ ከሠራቸው መልካም ሥራዎች ይህቺን አንደኛ አድርጎ ይቆጥራት ነበር። ለንስሐ አባቱ ሳይቀር ነግሯል።

እንግዲህ ጣቢያዋን ሊሠራ የተነሣው በዚሁ የተነሣ ነው። ያለ አንዳች ስሕተት ሊሠራት፣ የአባቱን ግራርና የአባቱን ጎጆ በቦታቸው ሊያቆም፣ ያን ክፉ ጎህ አንድ ቦታ አስቀምጦ ሊያርፍ። በ2015 ጡረታ ሲወጣ ኤፍሬም ከዱባይ በቶጎ ውጫሌ ድንበር በኩል ያስመጣውን ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ሞተሩ፣ ስድስት ፉርጎዎች፣ አንድ ክምር ሐዲድ፣ ሦስት መቀየሪያዎች። ሀብተየስ ካርቶኑን ከፍቶ ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እንዲህ ያለ ወዳጅ ለማን ተሰጥቶ ያውቃል እያለ ለእናትአለም ደጋግሞ ነገራት።

በትንሽ ቦታ ሐዲድ የሚነድፍ ሰው ዋናው ሥራው መቀነስ ነው። እውነተኛዋ ዘጠና ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት መቶ ሃያ ሜትር ነበረች። ለመቶ ስልሳ ሲካፈል ሁለት ሜትር ይመጣል፤ ክፍሏም ሁለት ሜትር ከአሥር ስለሆነች የዋህ ሰው «ገባ» ይላል። አይገባም። ባቡሩ ግድግዳው ጋ ሲደርስ መዞር አለበት፤ ለመዞር በየጫፉ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ይፈጃል፤ ከዚያ ከጠበበ ፉርጎዎቹ ይወድቃሉ። ለጣቢያዋ የሚተርፈው ሜትር ተኩል ነው። ከሁለቱ ሐዲዶች ርዝመት ይቀነስ? ወይስ ታንከሩ ይቅር? ወይስ ጎጆዋ ወደ ግራሩ ትጠጋ? ሀብተየስ በየማለዳው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ከዚህ ጋር ይታገላል።

«ምን ያስጨንቅሃል፣ ክብ አድርገውና ዝም ብሎ ይዙር» ይለዋል ኤፍሬም።

ሀብተየስ ዝም ብሎ የሚዞር ባቡር አይወድም። ባቡር ከሆነ ቦታ ተነሥቶ የሆነ ቦታ መድረስ አለበት ባይ ነው። በመጨረሻ ተስማሙ። ሐዲዱ ይዞራል፣ ግማሹ ግን ከኮምፔንሳቶ በተቆረጠ ተራራ ጀርባ ይደበቃል፤ ባቡሩ ከዚያ ብቅ ሲል ከድሬዳዋ መጣ፣ ሲገባ ወደ አዋሽ ሄደ ይባላል። ጠረጴዛው በረጅሙ ግድግዳ ሥር ስልሳ ሳንቲ ሜትር ወርድ ይዞ ይቆማል፤ ክንድ የማይደርስበት ሐዲድ ላይ የወደቀ ፉርጎ የሚያነሣ የለምና ከዚያ አይሰፋም። በሩ ወደ ውስጥ ሲከፈት የጠረጴዛውን ጫፍ ይመታ ስለነበር ነቅለው ወደ ውጭ አዞሩት። ከዚያ ወዲህ እናትአለም ሻይ ይዛ በመጣች ቁጥር በሩ ትሪውን ይመታል።

ሌላም ነገር አለ። ሀብተየስ ያለ ሣጥን ንድፍ አያወጣም። ከወረቀቱ በስተቀኝ ታች ጥግ ላይ ሦስት መስመር ያላት ሣጥን ያሰምራል፤ የነደፈው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው። መሥሪያ ቤት እያለ ሌላ ዓይን ያላረጋገጠው ንድፍ ከጠረጴዛው ተነሥቶ አያውቅም፤ ለዘጠናም ይህንኑ ሕግ አጸና። የነደፈው ሀብተየስ፣ ያረጋገጠው ኤፍሬም፣ ያጸደቀችው እናትአለም፤ ክፍሏ የእሷ ናትና። እሷ እየሳቀች ትፈርማለች። ኤፍሬም ግን መነጽሩን አድርጎ፣ እያንዳንዷን መስመር በጣቱ ተከትሎ ነው የሚፈርመው። በዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ንድፍ ወጣ፤ አሥራ አንዱም ላይ «ያረጋገጠው፦ ኤፍሬም ቀለመወርቅ» የሚል አለ።

ያስቸገረው መጋዘኑ ነበር። ኤፍሬም በአራተኛው ንድፍ ላይ መጋዘኑን ወደ ሐዲዱ አስጠጋው አለ። በሰባተኛው ወዲያ አርቀው አለ። በዘጠነኛው ደግሞ «እሱን ተወው፣ ቦታ ይፈጅብሃል፤ ማን መጋዘን ያያል» አለ። ሀብተየስ እዚህ ላይ ነገሩ አልጥም አለው። መጋዘኑ የተሠራው እሱ ድሬዳዋ ከሄደ በኋላ ቢሆንም፣ አንድ የእረፍት ጊዜ ከኤፍሬም ጋር ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው የድንጋይ መጫኛ መድረክ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ቴምር ሲበሉ በደንብ ያስታውሳል። መድረኩ ደረት የሚደርስ ቁመት ነበረው። ሐዲዶቹ በፊት በኩል ናቸው፤ መድረኩ በጀርባ ነው። ንድፍ የሚያውቅ ሰው መጫኛ መድረክ ሐዲድ በሌለበት በኩል አይሠራም።

ጠየቀው። ኤፍሬም ትንሽ ሳያስብ «ለግመል ነበር» አለ። «ከኦጋዴን የሚመጣው ግመል ይጫንበት ነበር፤ ረስተኸው ነው።»

ሀብተየስ ግመል ነው ሲሉት ተነፈሰ። አዎ፣ ግመል። ይህን ሁሉ ዓመት ሶማሌ ክልል ኖሮ ግመል ሲጫን ቆሞ ያላየ እሱ ብቻ አይደለም፤ ኤፍሬምም አላየም። የባቡር ልጆች ናቸው፤ ግመልን የሚያውቁት በመስኮት ነው። ከሦስቱ መቀየሪያዎች ሁለቱ የሁለቱ ሐዲዶች መገናኛ ላይ ዋሉ፤ ሦስተኛው ካርቶኑ ውስጥ ቀረ።

በጥር 2016 አንድ ጠዋት ደሃቦ ወተት ይዛ መጣች። እናትአለም ደንበኛ ይዟት ስለነበር በጓሮ በኩል ዘልቃ የክፍሏን በር ሳበችው። ሀብተየስ የካርቶን መጋዘኑን በኮላ እያጣበቀ ነበር። ደሃቦ ጀሪካኗን መሬት አስቀምጣ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለች። ግራሩን አየች። ታንከሩን አየች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ እሷም ወጣት ሳለች ዘጠና ላይ ለመንገደኛ ሻይና ወተት ትሸጥ ነበር።

«ዘጠና! ዋላሂ፣ ዘጠና ራሷ ናት። የእኔስ ቦታ የታል?»

«የት ነበር ያንቺ ቦታ፣ ኤዶ?»

«ከመጋዘኑ ጀርባ። ከሐዲዱ አጠገብ።»

«ከመጋዘኑ ጀርባ ሐዲድ አልነበረም እኮ» አላት ሀብተየስ፣ ለአሮጊት የሚሰጠውን ትዕግሥት ሰጥቷት። «ግመል የሚጫንበት መድረክ ነው የነበረው።»

ደሃቦ ቀና ብላ አየችው። እየቀለደ መስሏት ነበር፤ እንዳልሆነ ስታውቅ ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ወርያ፣ አንተ ሀብቴ፣ ግመል መድረክ ላይ ወጥቶ ሲጫን የት አይተሃል? ግመል ተንበርክኮ ነው የሚጫነው፤ ሕፃን ልጅ ይጭነዋል።» ከዚያ የግራ እጇን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰበሰበች። ከአንጓዋ ጀምሮ ሽቅብ የሚወጣ፣ የተሸበሸበ የድሮ ጠባሳ አለ። «ሐዲድ ባይኖር ይሄን ያደረገኝ ፉርጎ ምን ላይ ሄዶ ወደቀብኝ?»

ሀብተየስ ኮላ የያዘ እጁን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ቀስ አድርጎ ጠየቃት፤ እሷም የነገረችው እንደማንኛውም ያለፈ ነገር፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው። ሦስተኛ ሐዲድ ነበረ። መቀየሪያውም ለብቻው ነበር፤ ቁልፉ የሚሰቀለው ሹሙ ቢሮ ነው። ሹሙ በየሳምንቱ ጎህ ሳይቀድ አንድ ፉርጎ ወደዚያ እያስገቡ የኮንትሮባንድ ጨርቅና ሲጋራ ያስወርዱ ነበር፤ የማያውቅ አልነበረም። በዚያ ቀን መቀየሪያውን የከፈተው ኤፍሬም ነው። ፉርጎው ገብቶ ወጥቶ ሲያበቃ መቀየሪያውን መመለስና መቆለፍ ነበረበት።

«እኔ ጋ መጥቶ ሻይ አዘዘ» አለች። «ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ሻዩን ሲጠጣ የዕቃው ባቡር ጮኸ። ዞሮ መቀየሪያውን አየ። ብርጭቆውን እንኳ አላስቀመጠም፤ ጣለው። ባቡሩ ግን በክፍቱ መቀየሪያ ታጥፎ ወደ እኛ ገብቶ ነበር።»

«አባቴስ?» አለ ሀብተየስ።

«አባትህ ወዲያ ከግራሩ ሥር ፋኖሱን ይዞ እንደ ሁልጊዜው ቆሞ ነበር። የሱ መቀየሪያ ምን ሆነና? ሲወድቅ ግን ከሁሉ ቀድሞ እየሮጠ የመጣው እሱ ነው። እጄን ከብረቱ ሥር ያወጣው እሱ ነው። በጥርሱ ኩታውን ቀዶ ያሰረልኝ እሱ ነው፤ አላህ ይዘንለት።»

«ኤዶ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

እውነት ገርሟት አየችው። «የምታውቀውን ምን ብዬ ልንገርህ? እዚህ ስመጣ አንተና ኤፍሬም ከአንድ ትሪ ስትበሉ አየሁ። ልጅህን ክርስትና አነሣ። ታረቁ፣ ሽማግሌ ገብቶ ካሳ ተከፍሎ አለቀ አልኩ። በእኛ ነገር ካለቀ አይነሣም፤ የሚያነሣው ሰው ነው ጥፋተኛ። እኔ እንዴት ላንሣው?» ከዚያ ፊቱን ደግማ አየችና ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አላለቀም ነበር እንዴ?»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። አርባ ዓመት የሚፈጅ ንጋት ምን ንጋት ነው? ሀብተየስ ደሃቦን ከሸኘ በኋላ ያችን ጠባብ ክፍል ዘግቶ ተቀመጠ። ተናደደ ብሎ ማለፍ ውሸት ይሆናል፤ ተናዶ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ይኼ ሌላ ነው። አሥራ አንዱን ንድፎች መሬት ላይ ዘረጋቸው። አሥራ አንድ ጊዜ «ያረጋገጠው»። በጣቱ መስመር የሚከተለው ሊያረጋግጥ አልነበረም፤ ያ መስመር ተመልሶ እንዳልመጣ ሊፈትሽ ነበር። ሦስተኛው ሐዲድ ከሌለ ባቡሩ ሊወድቅ የሚችለው በኃይለጊዮርጊስ መቀየሪያ ላይ ብቻ ነው። በዚያ በሐምሌ 2010፣ ሞት በር ላይ ቆሞ እያለ፣ ያ ሰው የጠመኔ መስመር ለማጥፋት ጎንበስ ብሏል።

ከዚያ ሀብተየስ የባሰውን አሰበ። «ከመጋዘኑ ጀርባ እኮ…» እና «አባባ፣ ይብቃ፤ እንብላበት»።

ማታ ለእናትአለም ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» አለች። «የሚገርመኝ ማላከካቸው አይደለም። አንተን ይዞ አብሮህ ማልቀሱ ነው።»

አሥራ ሁለተኛውን ንድፍ በሁለት ቀን ነደፈው። በሜትር ተኩሉ ውስጥ ለሦስተኛው ሐዲድ ቦታ ለማግኘት የሹሙን ቢሮ በግማሽ ቆረጠው፤ አላሳዘነውም። መድረኩን በቦታው አቆመ። የደሃቦን በርጩማ በነጥብ አመለከተ። ሲጨርስ ደሃቦን ጠርቶ ንድፉን በጣቱ እያስከተለ አሳያት፤ እሷም መጻፍ ስለማትችል ከሱቁ የማኅተም ቀለም አምጥቶላት «ያረጋገጠው» በሚለው መስመር ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች። ሰማያዊ፣ ደማቅ፣ ሙሉ አሻራ ወጣ።

ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ የሰነበተው ኤፍሬም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጣ። ነጠላውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ከእናትአለም ጋር እየተቃለደ ገብቶ፣ የለመዳት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። «አሥራ ሁለተኛው ደረሰ አሉ» አለና መነጽሩን አደረገ። እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ እንደ ልማዱ ወደ ሣጥኗ ወረደ።

ሣጥኗ ተይዛለች። «ይሄ የማን ጣት ነው?»

«የደሃቦ» አለው ሀብተየስ።

ኤፍሬም ዓይኑን ከአሻራው ላይ አንሥቶ ወደ ንድፉ ወጣ። ሁለቱን ሐዲዶች አለፈ። መጋዘኑን ዞረ። ሦስተኛው መስመር ላይ ደረሰና ቆመ። ሀብተየስ ፊቱን እያየ ጠበቀ፤ ልቡ ውስጥ የቀረች አንዲት ቦታ «ይሄ የኤረር ነው» እንዲለው ትለምን ነበር። እንዲያ ቢለው እንኳ ሊያምነው ዝግጁ ነበር፣ እግዜር ይይለት። ኤፍሬም የእስክሪብቶውን ጫፍ ቀስ አድርጎ ከመጋዘኑ ጥግ አጠገብ ያለችው መቀየሪያ ላይ አሳረፈ።

«ትንሽ ወደ ግራ ነበር» አለ። «መቀየሪያው። እዚህ ጋ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ ትርፍ ነው፤ ቢሆንም ተባለ። ኤፍሬም ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። አባቱ «አንዲት ቃል ካወጣህ ሁለታችንም እንረሸናለን» ብለውታል፤ ጊዜውም የሚረሸንበት ጊዜ ነበር። በሳምንቱ ሦስተኛው ሐዲድ ተነቀለ። ጋሽ ኃይሌ ፈረመ። ኤፍሬም ይህን ሲናገር መነጽሩን አውልቆ በነጠላው ጫፍ እየጠረገ ነበር።

«ለመንግሥት የዋሻችሁትን እሺ፣ ይገባኛል» አለ ሀብተየስ። «ፈራችሁ። ለእኔ ግን ለምን? ማን አስገደደህ? ተኝቶ አየሁት ያልከው፣ ጠጥቶ ነበር ያልከው፣ ያ ሁሉ እንባ ለምን አስፈለገ?»

«ልጁ ካመነ ሌላ ማንም አይጠይቅም ብዬ ነው» አለ ኤፍሬም።

እናትአለም በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሻዩን ይዛ ተመለሰች።

«ሀብቴ» አለ ኤፍሬም። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ከበርጩማው ወርዶ በአንድ ጉልበቱ፣ ያኔ ጠመኔውን በጠረገበት ወለል ላይ ተንበረከከ። ክፍሏ ለሁለት ሰው ስለማትበቃ ግንባሩ የሀብተየስን ጉልበት ሊነካ ደረሰ። «አርባ ዓመት በየቀኑ ልነግርህ ነበር። ስለ አበልጅነታችን፣ ስለ ኤልያብ ብለህ ይቅር በለኝ።»

«ይቅርታ ነበረኝ» አለ ሀብተየስ። «አንድ ነበረኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ለአባቴ ሰጠሁት። እንዳላጠፋ እያወቀ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ተቀበለኝ። ለአንተ የሚሆን አልተረፈኝም፣ ኤፍሬም። ተነሥ፣ ሂድ።»

ኤፍሬም ለመነሣት የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ነጠላውን አስተካከለ። በሩን ወደ ውስጥ ሳበው፤ ራሱ እንዳዞረው ረስቶ። ሁለት ጊዜ ሳበ። ከዚያ ገፋውና ወጣ፤ ሀብተየስ እግሩ የሱቁን ደረጃ ሲወርድ ሰማ፣ ከዚያ መንገዱ ላይ ያለው የባጃጅ ድምፅ ዋጠው።

ሀብተየስ ብቻውን ሲቀር አለቀሰ፤ ለኤፍሬም ይሁን ለአባቱ አልለየውም። ሲበቃው ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ላጲሱን አነሣ። ከመጋዘኑ ጥግ አጠገብ ያለችውን መቀየሪያ አጠፋት። ማስመሪያውን አስጠግቶ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ግራ ወስዶ እንደገና ሣላት። ሰውየው ዋሾ ነው፤ ስለዚህች መቀየሪያ ግን ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ካርቶኑን ከጠረጴዛው ሥር ስቦ ሦስተኛውን መቀየሪያ አወጣ።